ከመጠጥ የተላቀቁ ሰዎችን አዳማ ላይ የት ላግኛቸው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ41 ዓመት ሰው ነኝ። በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና እነዳለሁ፤ ቤቴ አዳማ ነው። ቀን ጫት፣ ማታ ጨብሲ እያልኩ ዓመታት አለፉ። ጫቱን ተውኩት፤ መጠጡ ግን አልለቀቀኝም። ጠዋት ካልቀመስኩ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጄ ነው የምይዘው። ሁለት ጊዜ አቁሜ ተመልሼበታለሁ። መጠጥ ያቆሙ ሰዎች እየተገናኙ የሚረዳዱበት ቡድን አለ ሲባል ሰማሁ። አዳማ ላይ የት ልፈልገው? አእምሮ ሕክምና ክፍል እንዳልሄድ የሚያውቀኝ ሰው ያየኛል ብዬ አፍራለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የቡድኑ ጉዳይ ይደርሳል። መጀመሪያ ስለ እጅዎ እናውራ።

ጠዋት ሳይቀምሱ የሚንቀጠቀጡት ሰውነትዎ አልኮሉን ስለለመደው ነው። እንዲህ የለመደ ሰው “ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ” ብሎ በአንዴ ሲያቆም መንቀጥቀጡ፣ ላቡና የልብ ምቱ መፍጠን ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። መሪ እንደያዙ ቢመጣብዎት ምን ሊሆን እንደሚችል ለሹፌር አልነግርም። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቃዣል። ግድግዳው ላይ ነፍሳት ሲርመሰመሱ ያያል፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ “መንፈስ ነው” ብሎ በቀጥታ ጠበል ይወስደዋል። ጠበሉን አልቃወምም። ግን በዚያ ሰዓት ሰውየው ሊሞት ይችላል፤ ጾሙንና ቀዝቃዛውን ውኃ የሚችልበት አቅም የለውም። ሆስፒታሉ ይቅደም፣ ጠበሉ ይደርሳል።

ስለዚህ ብቻዎን አያቁሙ። አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ፣ ብዙ ሰው በድሮ ስሙ ኃይለማርያም ማሞ የሚለው፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ዕፍረቱ ይገባኛል። ካርድ ክፍል “አልኮል ማቆም እፈልጋለሁ” ማለት ከከበደዎት “ተመላላሽ ሕክምና ፈልጌ ነው” ብለው ይግቡና የቀረውን ለሐኪሙ ይንገሩት። እዚያ መንቀጥቀጡን የሚያስታግስ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ 1 ይሰጥዎታል፤ እንደ ሁኔታዎም ሊያስተኙዎት ይችላሉ። ዲያዜፓም የሚባለውን የሚያረጋጋ መድኃኒት ከፋርማሲ በሰው ምክር ገዝተው እንዳይሞክሩ፤ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። እነዚህ ቀናት እስኪያልፉ መኪናውም ይቁም።

ቡድን የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ጊዜ አቁመው የተመለሱት ፍላጎት አጥተው አይመስለኝም። መጠጡ ሲወጣ ማታውን የሚሞላው ስለጠፋ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። እዚያው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሷን እንዲህ ብለው ይጠይቋት፦ “አልኮል ያቆሙ ታካሚዎች እርስ በርስ የሚገናኙበት ቡድን አላችሁ? ከሌላችሁስ፣ እንደኔ ማቆም ከሚፈልግ ሰው ጋር በፈቃዱ ልታገናኙኝ ትችላላችሁ?” ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ጠይቆ “የለም” ሲባል ይወጣል። ሁለተኛው ነው ዋናው። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው በዓለም የታወቀው ማኅበር በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ አክረን በተባለች ከተማ ሲጀመር ሁለት ሰካራሞች ብቻ ነበሩ። አንዱ ቢል ዊልሰን የአክሲዮን ደላላ ነበር። ሌላው ቦብ ስሚዝ ደግሞ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፤ እኛም አንቀርም ማለት ነው። አባል ለመሆን የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። ክፍያ የለም፣ የአባት ስም አይጠየቅም። ለሚያፍር ሰው ከዚህ የተመቸ ነገር አላውቅም።

መንገድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ የዚሁ ማኅበር ስብሰባ በስልክ ይገኛል። ብዙው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቋንቋው ካልከበደዎት ሚሌ አድረውም መግባት ይችላሉ።

ሰው ካገኙ ሰዓቱን ይምረጡ። ማታ 12 ሰዓት ይሁን፤ ድራፍት ቤቱ ሞቅ ማለት የሚጀምርበት ሰዓት። ቦታው ሻይ ያለበት፣ ቢራ የሌለበት ይሁን። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥ፣ አይምከር። እኛ ጋ ይሄ ይከብዳል፤ ሦስት ሰው ከተቀመጠ አንዱ ሽማግሌ ሆኖ “ተው አንተ ሰው” ማለቱ አይቀርም። ምክር እስካሁን ጠግበዋል። እዚያ የሚጠቅምዎት ሌላው ሰው ትናንት ማታ ሲያምረው ምን እንዳደረገ መስማት ነው። ሐኪም ያዘዘልዎትን መድኃኒት “ጣለው” የሚል ወይም ገንዘብ የሚሰበስብ ቡድን ካጋጠመዎት ግን ይውጡ።

ባለቤትዎ ካሉ የመጀመሪያው ቀን ሆስፒታል አብረዋቸው ይሂዱ። ማታ ማታ ስለሚሆኑት ነገር ከእርስዎ ይልቅ እሳቸው የሚያስታውሱት ይበልጣል፤ ሐኪሙም ያንን መስማት ይፈልጋል። ለረዳትዎም ይንገሩት። አዋሽ ላይ ለእራት ስትቆሙ መጠጥ የማይሸጥበት ቤት የሚመርጠው እሱ ይሁን።