በሚኒሶታ ሕሙማንን ለምታስታምሙ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ሆስፒታሎች የነርስነት ሥራ የጀመራችሁ ሁሉ፣ በታላላቆቹ ሐይቆች ዙሪያ ከሚኖረውና በሚኒሶታ ብቻ ሰባት ሪዘርቬሽኖች (ለነባር ሕዝቦች የተከለሉ መሬቶች) ካሉት ከአኒሺናቤ ነባር ሕዝብ የመጡ ሕሙማንን ማስታመማችሁ አይቀርም። በዚህ ሙያ ያረጀሁ እንደ መሆኔ አንድ አደራ አለኝ፤ ቤተሰባቸው ለታመመው ሰው የሚያደርገውን ሁሉ ከእናንተ መድኃኒት ጋር እንደሚፎካከር ነገር አትቁጠሩት።

የሚንሿሿውን ቀሚስ ታሪክ ዕወቁ። እ.ኤ.አ. በ1918 እና በ1919 የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ሲዛመት፣ ልጁ በጠና የታመመችበት አንድ አባት ቀሚሱንና ጭፈራውን በሕልሙ እንዳየ፣ ባየው መሠረት ተሰፍቶላት ስትጨፍርም ልጅቱ እንደዳነች ይተርካሉ። ታሪኩን በሚኒሶታ የሚል ላክስ፣ በካናዳዋ ኦንታሪዮም የኋይትፊሽ ቤይ አኒሺናቤዎች ከእኛ ተነሣ ይላሉ፤ በዚያ መሟገት ለእኛ አይገባም። በቀሚሱ ላይ የሚሰፉት ሾጣጣ ቆርቆሮዎች ቀድሞ ከትንባሆ ጣሳ ክዳን እየተጠቀለሉ ይሠሩ ነበር፤ ሴቶቹ እግራቸውን ከመሬት ብዙ ሳያነሡ ሲረግጡ እንደ ጸናጽል ይሰማሉ። ያው በሽታ በ1911 ዓ.ም. አገራችን ገብቶ «የኅዳር በሽታ» ተብሏል፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ስናቃጥል የምናስበውም ያንን ዘመን ነውና፣ ወረርሽኝ በሕዝብ ልማድ ውስጥ እንዴት እንደሚቀር እኛ እናውቃለን።

የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1883 ባወጣው ደንብ የነባር ሕዝቦችን ሥርዓተ ጭፈራና የባህል ሐኪሞቻቸውን ሥራ ቀለብ በመከልከልና በእስር ይቀጣ ነበር፤ ለሃይማኖታዊ ሥርዓታቸው የሕግ ጥበቃ የተሰጠው በ1978 ነው። ሴቶቹ ቀሚሱን የሰፉት ክልከላው ሳይነሣ ነበር። አንዲት አሮጊት ስለዚህ ስትጠየቅ ዝም ብትል፣ ዝምታዋን እንደ እምቢተኝነት በመዝገቧ ላይ አትጻፉ።

የዶቃ ሥራቸውንም በአክብሮት ያዙ። የመስታወት ዶቃ ከአውሮፓ ነጋዴዎች ከመምጣቱ በፊት በቀለም በተነከረ የጃርት ወስፌ ያስጌጡ ነበር፤ ዛሬ በከፈይ ላይ የሚሰፉት አበባና ቅጠልም የደናቸው ዕፅዋት ነው። በዶቃ የተጌጠች ከረጢት በሕመምተኛው አንገት ላይ ብታዩ፣ ለምርመራ ማውለቅ ግድ ቢሆን እንኳ ሳታስፈቅዱ አትንኩ፤ የት እንደምትቀመጥም እርሱ ራሱ ይንገራችሁ። ቤተሰቡ አርዘ ሊባኖስ መሰል ቅጠል ወይም ሌላ ዕፅ ለማጤስ ቢጠይቅ፣ ኦክስጅን ባለበት ክፍል እሳት አደገኛ መሆኑን በትሕትና አስረድታችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉላቸው እንጂ «ክልክል ነው» ብላችሁ በሩን አትዝጉ።

ተረታቸውን ለመስማት ከጓጓችሁ ደግሞ ጊዜውን ጠብቁ። የተረቶቻቸው ጀግና ስለሆነው ስለ ናናቦዞ የሚነገሩት ቅዱስ ታሪኮች በልማዳቸው የሚተረኩት ምድሩን በረዶ ሲሸፍነው ነውና፣ በረዶ በሌለበት ወቅት የምታገኙትን ታማሚ በዚህ አታስጨንቁት፤ ስለ ልጆቹና ስለ መንደሩ ጠይቁት።