መስመሬ ላይ የቆመችው ዋንዛ

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ መልስ የጎረቤቴ ልጅ ቡና ልትጠጣ ገባች። ዘንድሮ ተመርቃ ሥራ ይዛለች። ሁለተኛው ሲኒ ላይ ስንደርስ «ጋሼ፣ እርስዎ ጎንደርን በእግርዎ የለኩ ሰው ነዎት ይባላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣ ብዬ ውብ ነገር ማየት ብፈልግ የት ልሂድ?» አለችኝ።

እንደ አስጎብኚ ዘረዘርኩላት፦ ፋሲል ግቢ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋም፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ጎሃ ኮረብታ ላይ። በስልኳ መዝግባ፣ አመስግናኝ ሄደች። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለ ውበት መካሪው እኔ ሆንኩ? ያቺን ዋንዛ ያስቆረጥኩት ሰውዬ? ተነሥቼ መብራት አብርቼ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ። ለእሷ ነው፤ እናንተ እኩዮቿም ብታነቡት አልጠላም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ቀያሽ ነበርኩ። ቀያሽ አገሩን የሚያየው በአንድ ዓይን ነው፤ ሌላውን ይጨፍነዋል። እኔ ሥራ ስጀምር የተሰጠኝ ቴዎዶላይት፣ ማለት ማዕዘን የምንለካበት ባለ መነጽር መሣሪያ፣ ደግሞ የድሮ በመሆኑ ነገሩን ሁሉ ገልብጦ ነበር የሚያሳየው። ዘንግ የያዘው ሰው በጭንቅላቱ ይቆማል፣ ሰማዩ ከታች ይሆናል፣ መሬቱ ከላይ ይንጠለጠላል። መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ለመድኩትና መገልበጡንም ረሳሁት። መነጽሩ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነች መስቀለኛ መስመር አለች። እሷ ቀይና ነጩ ዘንግ ላይ ከተቀመጠችልኝ፣ የቀረው ዓለም በራሱም ቢቆም በእግሩ ግድ አልነበረኝም።

በ1979 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከቁስቋም ወዲያ ላለ የገጠር መንገድ መስመር እናወጣ ነበር። እኔ፣ መጥረቢያ የያዙ ሁለት ጎረምሶች፣ ሜትር የሚይዙልን አንድ ሽማግሌ። ሽማግሌውን ሁላችንም «አባባ» እንላቸዋለን፤ እሳቸው እኔን፣ የልጃቸውን እኩያ፣ «ጌታው» ይሉኛል። ጡረታቸው ደርሷል። አንድ ጉድለት ነበረባቸው፤ ያኔ ጉድለት ነበር የምለው። ይቆማሉ። ሜትሩን በእጃቸው እንደያዙ ድንገት ይቆማሉ።

«ጌታው፣ ይህችን ይመልከቱልኝ።» አደይ አበባ ላይ ያደረ የሸረሪት ድር ነው፤ ጤዛው እንደ ጨሌ ተሰክቶበታል። ሌላ ቀን ቢጫ ወፍ ናት፣ ሣር እየሰነጠቀች ጎጆዋን ስትሸምን። በቁስቋም ፍርስራሽ በኩል ስናልፍ ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ግንብ ላይ በቀዩ ድንጋይ የተጠረቡትን መስቀሎች በመዳፋቸው ይዳብሳሉ። አንድ ጠዋት እንደዚያ እየዳበሱ «ይህን የጠረበ ሰው ቸኩሎ አያውቅም» አሉ። እኔን መንካታቸው መሰለኝ። ሳይሆንም አይቀርም።

መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «አባባ፣ ሜትሩን ይሳቡ፣ ፀሐይ መጣች።» ለሥራው እውነቴን ነበር። ረፋዱ ከጋለ መሬቱ ላይ ያለው አየር እንደ ውሃ ይርገበገባል፤ ዘንጉ መነጽሩ ውስጥ ይጨፍራል፤ ንባብ አይታመንም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መጣደፍ ለቀያሽ ሙያው ነው። ይህን የምለው ራሴን ነፃ ለማውጣት እንዳይመስላችሁ። ትንሽ ለማውጣትም ነው።

ዋንዛዋ ኮረብታው ወገብ ላይ ነበረች፣ ልክ መስመሬ መሐል። በአበባ ላይ ነበረች። ዋንዛ ክረምቱ ወጥቶ ሲያብብ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ቅጠሏ እስኪጠፋ በነጭ ትሸፈናለች፣ እግሯ ሥር ደግሞ የረገፈው አበባ ለቡና እንደተበተነ ፈንዲሻ ይነጠፋል። አበባዋን አንሥታችሁ ብታዩት እንደ ሐር ወረቀት የተጨማደደ ነው፤ ለጥቂት ሰዓት የተሠራ እንጂ ለቀን የተሠራ አይመስልም። ይህን ሁሉ ዛሬ ነው የምነግራችሁ። ያን ቀን ያየሁት በመነጽሩ ነው፤ ተገልብጣ፣ ነጩ ከታች፣ ግንዷ ከላይ፣ ዘንጌን ጋርዳ።

«ይቆረጥ» አልኩ።

አባባ ሜትሩን አስቀመጡ። «ጌታው፣ በጎን እንዙራት። ግማሽ ሰዓት ነው።»

ልክ ነበሩ። ዘጠና ዲግሪ ወደ ጎን ትወጣለህ፣ ዛፉን ታልፋለህ፣ መልሰህ ዘጠና ዲግሪ ትገባለህ፤ አራት ችካል ነው። ጀማሪ የሚማረው የመጀመሪያው ነገር ነው። መንገዱ ኋላ ላይ ቢደርስባት እንኳን የሚወስነው መሐንዲሱ ነበር፤ የእኔ ጉዳይ ማየት ብቻ ነበር። እኔ ግን ጎረምሶቹ ፊት በሜትር ያዥ መታረም አልፈለግሁም። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። አባባም ወደ ንቦቹ አመለከቱ። ዛፏ ሁለመናዋ ትጮህ ነበር፤ በዚያ ወቅት ዋንዛ ለንብ ድግስ ናት። ከዚያም ጎንደሬ ሁሉ ሲሰማው ያደገውን ነገሩኝ፤ በ1880 ደርቡሽ ከተማውን ሲያቃጥል ሥላሴን ያዳነው የንብ መንጋ ነው የሚባለውን። «ንብ ቤቱን ያውቃል» ብለው ዝም አሉ። እኔ ሳቅሁ። የመጀመሪያው መጥረቢያ ሲያርፍ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ማለቴን አልደብቃችሁም።

ንቦቹ አልነደፉንም። ዛሬም የሚቆጠቁጠኝ ይህ ነው። ዛፏ ስትወድቅ አንድ ጊዜ እንደ ጭስ ተነሡ፤ አቧራው ሲረግብ ተመልሰው አበባዋ ላይ አረፉ። የወደቀችው ላይ። መስመሬን ጨርሼ፣ ንባቤን ጽፌ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዕቃችንን ስንጭን ገና መሬት ላይ እየሠሩ ነበር። አባባ አጠገባቸው ቁጢጥ ብለው ያዩዋቸዋል። አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ኖሮ ተጣልተን፣ ታርቀን፣ ነገሩ ያልቅ ነበር።

ግንዷን የአካባቢው ሰዎች ወሰዱት፤ ዋንዛ ለከበሮ ተመራጭ ነው። በዓመቱ ኅዳር 6፣ የቁስቋም ዕለት፣ ከአባባ ጋር ሕዝቡ መሐል ተገናኘን። ከበሮው ሲመታ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው «ሰሙ? ያቺ ናት» አሉኝ። እውነታቸውን ይሁን፣ ሊያጽናኑኝ ይሁን፣ ሊቀጡኝ ይሁን እስካሁን አልገባኝም። በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ወጡ። ቤታቸው ሄጄ መጠየቅ እያሰብኩ ሳልሄድ መርዷቸው ደረሰኝ።

እንግዲህ ምክር ከተባለ። ማልዳችሁ ተነሡ፣ ውሃ ያዙ የሚለውን እናቶቻችሁ ይንገሯችሁ። እኔ የምለው ለውበት ቅዳሜን አትጠብቁለት ነው። አባባ ያዩት ሁሉ የሥራ ቀን ነበር፤ እኔ ከአጠገባቸው ሆኜ ነው ያላየሁት። ፒያሳ ማኪያቶ የምትጠጡበት ሰፈር ጣሊያን ከ1928 እስከ 1934 በከተማው ሲቆይ የሠራው ነው፤ የፖስታ ቤቱን ሕንፃ ማዕዘን ቀና ብሎ ያየ ከእናንተ ስንቱ ነው? ጠላት ሠራውና ልናደንቀው አይገባም የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። እኔ ጠላትን ሳላደንቅ ማዕዘኑን አደንቃለሁ።

ዛሬ ዛሬ ደግሞ ፋሲል ግቢ ስገባ ወጣቶች ለግንቡ ጀርባቸውን ሰጥተው ራሳቸውን ሲያነሡ አያለሁ፤ ያበግነኛል። ሠላሳ ሁለት ሜትር የሚቆም ግንብ ከኋላችሁ አስቀምጣችሁ የራሳችሁን አፍንጫ! ስልካችሁን ቤት ተዉት እላለሁ። ይህን የምለው እኔ ያቺን ዋንዛ የሚያሳየኝ አንድ ፎቶግራፍ ቢገኝ የጡረታ ደመወዜን የምሰጥ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ምክሩን እንደፈለጋችሁ አድርጉት።

ሥላሴ ስትሄጂ (አሁን ለጎረቤቴ ልጅ ነው) ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት አትቁጠሪ። አስጎብኚው ሁሉ የየራሱ ቁጥር አለው። እኔ ባለ ሙያ ነኝና ጡረታ እንደወጣሁ ልቆጥር ሞክሬ አንገቴ ተቆልፎ ሦስት ቀን ተኝቻለሁ። ቁጥሩ ሲጠፋብኝ ነው ዓይኖቻቸውን ያየሁት። ክንፍ ያላቸው ፊቶች ብቻ ናቸው፣ አካል የላቸውም፤ ሠዓሊው ያለውን ሁሉ ዓይናቸው ላይ አውሎታል። አንድ ፊት ምረጪና እሱን ብቻ እዪ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ውረጂ። የግድግዳው ሥዕል ጨርቅ ላይ ተስሎ የተለጠፈ ነው፤ ተጠግተሽ በጎን ካየሽው የሸማው ድርና ማግ ከቀለሙ ሥር ይታይሻል። የአንዲት ፈታይ እናት እጅ እዚያ አለ ብዬ አስባለሁ። በምንትዋብ ዘመን የመጡት ሠዓልያን ፊትን በጥላ ማለስለስ፣ ከኋላው ያለውንም ቀለም ከቢጫ ወደ ቀይ ማሸጋገር ጀመሩ ይላሉ አዋቂዎች። የቀደሙት ግን ቀለሙን ሳይቀላቅሉ ደፍረው ነበር የሚያስቀምጡት። እኔ የቀደሙትን እወዳለሁ። ቀያሽ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ጠርዙ የለየ ነገር ደስ ይለኛል።

ወደ ፋሲል መዋኛ ከሄድሽ ከጥምቀት ውጭ ሂጂ። ከቀሃ ወንዝ የሚመጣው ውሃ የሚሞላው ለበዓሉ ነው፤ በሌላው ጊዜ ገንዳው ደረቅ ነው፣ ሰውም የለም። የዛፎቹ ሥር ቅጥሩን እንደ ሽማግሌ ጣት ጨምድዶ ይዞታል፤ ድንጋዩ ሥሩን ይሸከም፣ ሥሩ ድንጋዩን፣ መለየት ያስቸግራል። ልጅ ሳለሁ በጥምቀት ወደዚያ ውሃ ዘልዬ ጫማዬ ተሰርቋል፤ ባዶ እግሬን ቤት ስገባ እናቴ ያደረገችኝን አልጽፍም።

ሌላም ልንገርሽ። ከቤታችን ወደ ገበያ በሚወስደው ቁልቁለት፣ ወፍጮ ቤቱን እንዳለፍሽ በግራ በኩል፣ አጥር ጥግ አንዲት ዋንዛ አለች። በየቀኑ በሥሯ ታልፊያለሽ። ያለነው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ታብባለች። ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ድረሺ፤ ከዚያ በኋላ የዛፏ ባለቤት የረገፈውን አበባ ይጠርጉታል። ሥሯ ቁሚና መጀመሪያ ዓይንሽን ጨፍነሽ ንቦቹን ስሚ። ጉልበቴ ቁልቁለቱን እምቢ ብሎኛል። ስልክሽን ይዘሽ ሂጂና ፎቶ አንሥተሽ አምጪልኝ፤ ግንዷም አበባዋም አንድ ላይ እንዲገቡ ራቅ ብለሽ።