ቤንዚኑ የነጋዴው፣ መኪናው ያንተ

ከደሴ አንድ አንባቢ የላከው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። አይሱዙ አለው፣ ሾፌር ቀጥሮ ያሠራበታል። አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ ቤንዚን በበርሜልና ጥቂት የቡታጋዝ ሲሊንደር ከዱቄት ጋር ደርቦ አቀስታ እንዲያደርስለት ጠይቆታል። «ዕቃው የኔ አይደለም፣ ሾፌሬ መንጃ ፈቃድ አለው፣ መኪናውም ኢንሹራንስ አለው። አደጋ ቢደርስ እኔን ምን ያገባኛል? ደግሞስ የኮምቦልቻው ባቡር ሥራ ሲጀምር እንዲህ ያለው ጭነት በባቡር ቢሄድ አይሻልም?» ይላል።

ወንድሜ፣ በደንብ ያገባሃል። እንዲያውም ቀድሞ የምትከሰሰው አንተ ነህ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2081 ተመልከት። የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፣ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ። «ጥፋት የለብኝም»፣ «ምክንያቱ አልታወቀም»፣ «ሌላ ሰው ነው ያጠፋው» ብትል ቁጥር 2086 አይሰማህም። ኃላፊነቱ የሚቀልልህ ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው በራሱ ጥፋት መድረሱን ካስረዳህ ነው። እኔ የተጎጂዎች ጠበቃ ብሆን ቁጥር 2069ንም እጨምርበት ነበር፤ የሚፈነዳ ወይም መርዛማ ነገር በመጠቀም ወይም በማከማቸት ሌላውን ሰው ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠን ተጠያቂ የሚያደርግ ነው፣ ፈቃድ አለኝ ማለትም አያድንም።

ነጋዴው «ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ፣ እፈርምልሃለሁ» ይልህ ይሆናል። ይፈርም። ግን ያ ወረቀት የሚያስረው እናንተን ሁለታችሁን ብቻ ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው አንተን ይከሳል፣ አንተ ከፍለህ ነጋዴውን ታሳድዳለህ፣ ያኔ ነጋዴው ምን ይዞ እንደሚገኝ እንጃ።

ኢንሹራንሱም ቢሆን የሦስተኛ ወገን መድን ጣሪያ አለው፣ ከዚያ በላይ ያለው ከኪስህ ነው። ሙሉ መድን ካለህ የመድን ውልህን አውጣና የጭነቱን ዓይነት የሚመለከተውን አንቀጽ አንብበው። መኪናህ ለደረቅ ጭነት ተብሎ የተመዘገበ ከሆነ ቤንዚን ጭነህ ስትቃጠል ኩባንያው ምን እንደሚልህ መገመት አያቅትም።

አሁን ጭነቱን ራሱን እንየው፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የበርሜል ክዳን በፌስታል ተጠቅልሎ ይዘጋል። መኪናው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ፣ ከዚያም የአቀስታን መንገድ ሲይዝ በርሜሉ ይናጣል፣ ክዳኑ ይላላል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ሸራው ሥር ይተኛል፣ በቅዝቃዜም ቢሆን እሳት ይይዛል። ባዶ ነው የተባለው በርሜል እንኳ ውስጡ ትነት አለ። እና ብዙ ጊዜ ረዳቱ የት ነው የሚቀመጠው? ጭነቱ ላይ። ሞት ከደረሰ ደግሞ ነገሩ የካሳ ብቻ አይደለም፤ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 543 ግልጽ ደንብ እያወቀ ጥሶ በቸልተኝነት የገደለ፣ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የገደለ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ሾፌሩን እያወቅህ ከላክኸው ምርመራው አንተም ጋ ሊደርስ ይችላል።

መኪናው ቢገለበጥስ? ሰው ጄሪካን ይዞ ይሮጣል። ታንዛኒያ ሞሮጎሮ ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 ከተገለበጠ ቦቴ ነዳጅ ሲቀዱ እሳት ተነስቶ 100 ገደማ ሰው አልቋል። ስለዚህ የአደጋውን ስፋት ስታሰላ መኪናው ውስጥ ያሉትን ሁለት ሰዎች ብቻ አትቁጠር። መንገዱ በየትኛው ገበያ ውስጥ እንደሚያልፍ፣ በየትኛው ቀን፣ ውኃው ወደየትኛው ወንዝ እንደሚፈስ አስብ። ቦርከና ወንዝ ውስጥ የገባ ነዳጅ ታች ያለውን መስኖና ከብት ያገኘዋል።

ባቡሩን በተመለከተ፣ ለእያንዳንዱ ቶን ጭነት ሲሰላ ባቡር በጥቅሉ ከመኪና ያነሰ አደጋ አለው፣ ትክክል ነህ። ግን ሲጠፋ በአንድ ጊዜ ብዙ ነው የሚጠፋው። ካናዳ ላክ ሜጋንቲክ ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 ተዳፋት ላይ የቆመ ነዳጅ የጫነ ባቡር ፍሬኑ አልይዝ ብሎ ቁልቁል ወርዶ ከተማ ውስጥ 47 ሰው ገድሏል። ደግሞም ሐዲዱ ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሃራ ገበያ ነው የሚሄደው፣ አቀስታ አይደርስም። ከኮምቦልቻ በኋላ ያው መኪና ነው፣ ያው ሐረጎ።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። ዱቄቱን ጫንለት። ቤንዚኑ ለነዳጅ በተሠራ ቦቴ፣ ሕጋዊ ሰነድ ይዞ ይሂድ፤ ሰነድ የሌለው ነዳጅ ኬላ ላይ ቢያዝ መኪናህም አብሮ ሊታሰር ይችላል። ሲሊንደሩንም ለዚያ የተዘጋጀ መኪና ያንሳው። ለሾፌርህ ቤንዚን፣ ጋዝና አሲድ እንዳይጭን በጽሑፍ ስጠው፣ አስፈርመው፣ ኮፒውን አስቀምጥ። ወረቀቱ ከቁጥር 2081 አያወጣህም፣ ግን ሾፌሩ ካንተ ተደብቆ ቢጭን በወንጀሉ ጉዳይ የምታሳየው ነገር ይኖርሃል።