አዲሱን ልጠብቅ ወይስ ያለውን ልግዛ? ቢት መሥሪያ ይዛችሁ ጎንደር ለምትመጡ

ጥምቀት ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። ከቨርጂኒያ፣ ከቶሮንቶ፣ ከስቶክሆልም የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ለጥር ጎንደር እመጣለሁ። ያለ ኮምፒውተር ቢት የሚሠራ ዕቃ ልገዛ ነው። አሁን ያለውን ልግዛ ወይስ የሚወጣውን ልጠብቅ?»

እኔም ብዙ ዓመት ውጭ ኖሬ ነው የተመለስኩት። አሁን ጎንደር ውስጥ አነስተኛ ስቱዲዮ አለኝ። መልሴም ሁልጊዜ በጥያቄ ይጀምራል። ዕቃው የሚሠራው የት ነው? ምን ይቀዳበታል? እናንተ ስትመለሱ ማን እጅ ይቀራል? እነዚህ ሳይመለሱ የትኛው ይሻላል ማለት አይቻልም። ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ማወዳደሪያ የተሠራው መብራት ለማይጠፋበት፣ ዋይፋይ ለማይቆራረጥበት ቤት ነው። ቢቱም አራት በአራት ነው፣ አራት አራት እየተቆጠረ የሚሄድ። የእኛ ነገር ይለያል።

በመጀመሪያ ስለ መጠበቅ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ውስጥ ናም የሚባል ትልቅ የሙዚቃ ዕቃ ትርኢት አለ። በጸደይ ደግሞ በርሊን ላይ ሱፐርቡዝ አለ። ሁለቱ ሲቃረቡ ሾልኮ ወጣ የተባለ ፎቶ እና «ምንጮቼ ነገሩኝ» የሚል ቪዲዮ ይጎርፋል። ልጆቹ እሱን እያዩ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ኤምፒሲ የሚባሉትን ቢት መሥሪያዎች የሚያወጣውን የአካይን ታሪክ ብቻ ተመልከቱ። ሮጀር ሊን የነደፈው የመጀመሪያው ኤምፒሲ በ1988 ወጣ። ያለ ኮምፒውተር የሚሠራው ኤምፒሲ ላይቭ በ2017 መጣ፤ ላይቭ 2 በ2020፣ ላይቭ 3 በ2025። ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው አምስት ዓመት ነው። «ዘንድሮ ይወጣል» እያለ አምስቱንም ዓመት የጠበቀ ሰው አውቃለሁ።

የሚገርመው ደግሞ ሌላ ነው። በ2024 አካይ ኤምፒሲ 3 የሚባለውን ሶፍትዌር ሲያወጣ፣ የ2017ቱ ላይቭም ተቀብሎታል። ያረጀ የተባለው ዕቃ በአንድ አፕዴት አዲስ አሠራር አገኘ። ሌላው ቢት መሥሪያ፣ የሮላንዱ ኤስፒ-404 ማርክ 2ም በ2021 ከወጣ ጀምሮ በአፕዴት ብዙ ተቀይሯል። ስለዚህ የምትገዙት ኩባንያ ለቆየ ዕቃው አፕዴት ያወጣል ወይ የሚለውን አጣሩ። ከወሬው ይልቅ ይሄ ይጠቅማችኋል። በተቃራኒው «ወደፊት ይጨመርለታል» ተብሎ የሚሸጥ ነገር ላይ ገንዘብ አታውጡ። ዛሬ የሚሠራውን ግዙ።

መጠበቅ የሚያዋጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አዲሱ በይፋ ታውቆ፣ ሰዉ የቀድሞውን መሸጥ ሲጀምር። ያኔ ያገለገለ ላይቭ 2 ወይም ኤምፒሲ ዋን በጥሩ ዋጋ ይገኛል። ያገለገለ ባለ ባትሪ ስትገዙ ግን ከሻጩ ጋር ተቀመጡ። ሶኬቱን ነቅላችሁ አንድ ሰዓት አሠሩት። ባትሪ ከዓመት ዓመት ይደክማል፣ ፎቶ ላይ ደግሞ አይታይም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። መብራት።

ጎንደር መብራት ይሄዳል። አንዳንዴ ለደቂቃ፣ አንዳንዴ ለሰዓታት። ሲመለስ ደግሞ ከፍና ዝቅ እያለ ነው የሚመለስ። ባትሪ የሌለው ዕቃ ላይ ሴቭ ያላደረጋችሁት ሥራ በዚያች ቅጽበት አለቀለት። ስለዚህ ለእኔ የመጀመሪያው ማወዳደሪያ ባትሪ ነው፤ የፕሮሰሰር ፍጥነት ከዚያ በኋላ ይምጣ። ኤምፒሲ ዋን ባትሪ የለውም። የኔቲቭ ኢንስትሩመንትስ ማሺን ፕላስም የለውም፣ ድምፁና አሠራሩ ግሩም ሆኖ ሳለ። ላይቭ 2 እና ላይቭ 3 ባትሪ አላቸው፤ ስፒከርም በላያቸው ላይ አለ። የኤብልተኑ ፑሽ 3፣ ያለ ኮምፒውተር የሚሠራው ዓይነት፣ ባትሪ ቢኖረውም ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ አይጠበቅበትም። በ2024 የወጣው ትንሹ ኤብልተን ሙቭ እስከ አራት ሰዓት ይቆያል፣ ኪሎም አይሞላም። ኖቬሽን ሰርኪዩት ትራክስም አራት ሰዓት ያህል ነው። ኤስፒ-404 ማርክ 2 በስድስት ተራ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ድንጋዩ ፒያሳ ላይ ከየሱቁ ይገኛል። ከፈለጋችሁም በዩኤስቢ ከፓወር ባንክ ይነሳል።

አዳፕተሩን ገልብጣችሁ ጽሑፉን አንብቡ። «ኢንፑት» ከሚለው ቀጥሎ 100–240 ካለ ችግር የለም፣ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። 120 ብቻ ካለ አገር ቤት እንዳትሰኩት። እዚህ 220 ቮልት ነው፣ ወዲያው ይቃጠላል። ስታብላይዘር ከዚሁ ግዙ። ዕቃውን፣ ስፒከሩንና ቻርጀሩን ሁሉ አንድ ዲቫይደር ላይ ደርድራችሁ በቀጥታ ግድግዳው ላይ አትሰኩ።

ቀጥሎ ማንም የማወዳደሪያ ቪዲዮ የማያነሳው አለ። ምትና ቅኝት።

እነዚህ ዕቃዎች ሲከፈቱ አራት በአራት ናቸው፣ አንዱ ዙር የሚከፈልበት ደረጃም (ስቴፕ የሚሉት) 16 ነው። የእኛ ጭፈራ ደግሞ አብዛኛው ስድስት በስምንት ነው፣ ሦስት ሦስት እየተቆጠረ የሚሄድ። 16 ደረጃ ላይ ጭክጭካ ልሥራ ብትሉ ምቱ ይሸሻል። ከሁለት ምት ሁለተኛውን የሚያዘገየውን «ስዊንግ» 66 ላይ ብታደርጉት ወደ ሦስትዮሽ ይጠጋል፣ እስክስታ የለመደ ትከሻ ግን አይታለልም። ኤምፒሲ ላይ መፍትሔው ቀላል ነው። ቢቱን ሳትጀምሩ የምቱን ዓይነት 6/8 ወይም 12/8 አድርጉት። ሰርኪዩት ትራክስ ላይ የፓተርኑን፣ ማለትም ተደጋግሞ የሚዞረውን ምት፣ ርዝመት 12 ላይ ቁረጡት፣ ፍጥነቱንም ወደ ሦስትዮሽ መለወጥ ይቻላል። ዕቃ መርጣችሁ ከመክፈላችሁ በፊት መመሪያውን ከኢንተርኔት አውርዳችሁ ይሄን ፈልጉ። የፓተርን ርዝመት ወይም የምት ዓይነት የማይቀየርበት ዕቃ፣ ስሙ የፈለገ ያህል ቢገን፣ ለእኛ ዘፈን አይሆንም።

ቅኝቱ ላይ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ። ፓዶቹ፣ ማለትም በጣት የሚመቱት ቁልፎች፣ በስኬል (ፈረንጆቹ ለቅኝት በሚሉት) እንዲደረደሩ የሚያደርግ አሠራር አብዛኞቹ ላይ አለ። ስሞቹ የእኛ ስላልሆኑ ነው የማናውቃቸው። ሜጀር ፔንታቶኒክ የሚለው የትዝታ ሜጀር ነው። ማይነር ፔንታቶኒክ የሚለው የባቲ ማይነር ነው። ሂራጆሺ የሚል የጃፓን ስም አለ፤ ድምፆቹ የትዝታ ማይነር ናቸው። ፑሽ ላይ ፔሎግ ተምቡንግ የሚለውን ስትመርጡ አምባሰልን ታገኛላችሁ። አንቺ ሆዬን ግን በአብዛኛው ዝርዝር አታገኙትም። እሱን በእጅ መሥራት ነው። ኤምፒሲ ላይ አንድ የማሲንቆ ድምፅ በአሥር ፓድ ላይ ጫኑ። ከዚያ ፓዶቹን በየተራ በሴሚቶን (ፒያኖ ላይ ጥቁሩንም ነጩንም ቆጥሮ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ባለው ርቀት) 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9 ቃኙ፤ ቀጣዮቹን አምስት 12፣ 13፣ 17፣ 18፣ 21። አበቃ፣ አንቺ ሆዬ ተደርድሯል። አዝማሪው አጠገባችሁ ካለ ደግሞ በሳንቲም፣ ማለትም በሴሚቶን መቶኛ፣ እያሳነሳችሁና እያስወረዳችሁ በጆሮው አስተካክሉት። ጣቱ የሚያርፍበትና ፒያኖው የሚያርፍበት ቦታ አንድ አይደለም። የሱን ተከተሉ።

ማሲንቆ ለመቅዳት ለምታስቡ፣ የዕቃውን ጀርባ ተመልከቱ። ብዙዎቹ ማይክ መሰኪያ የላቸውም፣ ወይም ደካማ ነው። ኤምፒሲ ዋን ከሌላ መሣሪያ የሚመጣ ብርቱ ድምፅ የሚቀበል የመስመር ግቤት (ላይን ኢን) ብቻ ነው ያለው፤ ማይክ ስትሰኩበት ድምፁ ከሩቅ ይመጣል። ማይኩን የሚያነሳ ትንሽ ሚክሰር ወይም ኤምፒሲው የሚቀበለው የዩኤስቢ ኦዲዮ ካርድ ያስፈልጋል። ኤስፒ-404 ማርክ 2 ማይክና ጊታር የሚቀበል መሰኪያ አለው፤ ተራ ዳይናሚክ ማይክ በቂው ነው። ሙቭ እና ላይቭ 3 የራሳቸው ትንሽ ማይክ አላቸው፤ ሐሳብ ለመያዝ ጥሩ ነው፣ ለዘፈን አይሆንም።

ማይኩን ከማሲንቆው ገበቴ ስንዝር ተኩል አርቁት። ቆዳውን ይይ፣ ደጋኑን አይይ። ደጋኑ ፊት ካደረጋችሁት የጭራው ፉጨት ብቻ ነው የሚገባው። አዝማሪው ደጋኑን ዕጣን ሲቀባ ታገሱት፣ የድምፁ ግማሽ እዚያ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ ረዘም አድርጎ ያሰማችሁ፤ ይሄ ለፓዶቹ ነው። ከዚያ እንደ ልቡ ይጫወት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። የማሲንቆ ውበት ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲንሸራተት ነው፤ እየቆራረጣችሁ ፓድ ላይ ስትበትኑት ያ መንሸራተት ይሞታል። ሁለት ሦስት ዙር ሙሉውን ያዙና ቢቱን በዙሪያው ሥሩ። ለዚህ የሚበቃ ማስቀመጫ ያስፈልጋል። የቲንኤጅ ኢንጂነሪንግ ኢፒ-133 በ2023 ሲወጣ 299 ዶላር ነበር፣ ልጆች ይወዱታል፣ በትናንሽ የእጅ ባትሪ ድንጋይም ይሠራል። ግን ያኔ ማስቀመጫው 64 ሜጋባይት ብቻ ነበር። በሞኖ ቢቀዳበት 11 ደቂቃ ያህል ነው። ለከበሮ ድምፆች ይበቃል፣ ለአዝማሪ አይበቃም።

ከበሮውም የራሱ ነገር አለው። ሰፊው አፉ ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ነው የሚሰጠው። ሁለቱን በየፓዱ ለይታችሁ ያዙ። በለሆሳስም በኃይልም አስመቱ፤ አንድ ድምፅ ብቻ ደጋግሞ ሲመታ ከበሮነቱ ይጠፋል። ጥምቀተ ባሕሩ ላይ የምትሰሙትን የካህናቱን ዜማና ወረብ ግን ቢት ውስጥ አትክተቱ። አምልኮ ነው። ከፈለጋችሁ ስሙት፣ ምቱን ተማሩበት፣ ከበሮውን ስቱዲዮ ውስጥ በሚመታላችሁ ሰው ቅዱ።

«ታዲያ የቱን ልግዛ?» ካላችሁ። በየዓመቱ ለምትመላለሱና ሙሉ ዘፈን እዚህ ለምትሠሩ፣ ባትሪው ደህና የሆነ ያገለገለ ላይቭ 2። ላይቭ 3 ብርቱ ነው፣ ሜሞሪው 8 ጊጋባይት ነው፤ ገንዘቡ ካላችሁና ብዙ ትራክ የምታነባብሩ ከሆነ እሰየው። ድምፅ እየለቀማችሁ ለምትዞሩ ኤስፒ-404 ማርክ 2። ፑሽ 3 ሲወጣ ሁለት ሺህ ዶላር ይጠጋ ነበር፤ ኤብልተን ላይቭ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ ለዓመታት ለሠራ ሰው ነው፣ ለጀማሪ አልመክርም። ለእህት ወይም ለወንድም ልጅ ስጦታ ከሆነ ሙቭ። አራት ትራክ ብቻ መሆኑ ለጀማሪ ጥቅም ነው፣ ሥራውን ይጨርሳል።

ስጦታ ከሆነ ግን ሳጥኑን እንደታሸገ አታምጡ። እዚያው ክፈቱት። አካውንቱን በሚቀበለው ልጅ ኢሜይል ከፍታችሁ ዕቃውን አስመዝግቡ፣ የመጨረሻውን አፕዴት ጫኑ፣ አብረው የተሰጡትን ድምፆችና ፕለጊኖች በሙሉ አውርዱ። ጊጋባይቶችን እዚህ በሞባይል ዳታ ማውረድ ገንዘብም ልብም ይጨርሳል። ዕቃው ሜሞሪ ካርድ የሚቀበል ከሆነ ሁለት ይኑር፣ አንዱ ቅጂ ነው። መመሪያውን በስልኩ ላይ ጫኑለት። የአቧራ ክዳን ጨምሩ፤ በጋ ላይ የጎንደር አቧራ ፓዱ ሥር ይገባል፣ መለዋወጫውም በቅርብ አይገኝም።

ዕቃውን በእጅ ሻንጣ ያዙት። ፓወር ባንክና ትርፍ የሊቲየም ባትሪ እንደሆነ ከእጅ ሻንጣ ውጭ አይፈቀድም፤ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ ከ100 ዋት ሰዓት ማለፍም የለበትም፣ ይህም ወደ 27,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። ደረሰኙን አትጣሉ። ጉምሩክ ላይ ለአንድ ሰው ሁለት ሦስት አዲስ ዕቃ ከታየ ጥያቄ ይኖራል።

የቀረው የአዝማሪው ነገር ነው፣ እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። ጠጅ ቤት ውስጥ ስልክ ደቅኖ ቀድቶ፣ ሃምሳ ብር ግንባሩ ላይ ለጥፎ፣ ከዚያ ዘፈኑን ስፖቲፋይ ላይ መጫን ነውር ነው፤ ሕግም አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) ለተጫዋቹም መብት ሰጥቶታል። ስቱዲዮ ጥሩት። ዋጋውን ከመቅዳታችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ ክፈሉት። አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ ጻፉ፤ ምን እንደተቀዳ፣ ለምን እንደሚውል፣ ዘፈኑ ገቢ ካመጣ ምን ያህሉ የሱ እንደሆነ፣ ስሙም ዘፈኑ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ። ማንበብ ካልቻለ የሚያምነው ሰው ያንብብለት። ሁለት ቅጂ አትሙና ሁለታችሁም ፈርሙ፣ አንዱ እሱ ጋ ይቅር።