ጥያቄና መልስ፦ የውበት ቀዶ ጥገና ሐኪም ጋ ከመቅረባችሁ በፊት

ሰሞኑን ስለ ውበት ቀዶ ጥገና የሚጠይቁ ደብዳቤዎች በዝተውልኛል። አብዛኞቻችሁ የመጀመሪያውን የምክክር ቀጠሮ ይዛችሁ ነው የጻፋችሁት። ጥሩ ጊዜ ላይ ናችሁ፤ ገና ምንም አልተቆረጠም።

ከወሊድ በኋላ የላላ የሆድ ቆዳዋን ልታስተካክል ያሰበች አንባቢ፦ አልፎ አልፎ ሲጋራ ታጨሳለች፣ ሺሻም አይቀርም። ሐኪሙ ካወቀ "አልሠራሽም" እንዳይላት ፈርታ፣ "ብደብቀው ምን ይመጣል?" ትላለች።

ብዙ ነገር ይመጣል፣ እህቴ። በዚህ ቀዶ ጥገና ሐኪሙ የሆድሽን ቆዳ ከሥሩ ካለው ጡንቻ በሰፊው ያላቅቀዋል። ወደ ታች ይስብና ትርፉን ቆርጦ ይሰፋዋል። ቆዳው ከሥር ይመጣለት የነበረው ደም በከፊል ይቋረጥበታል፤ እስኪድን ድረስ የሚኖረው በቀሩት ደም ሥሮች ነው። ኒኮቲን እነዚያኑ ቀጫጭን ደም ሥሮች ያጠባቸዋል። የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ደሙ የሚሸከመውን ኦክስጅን ይቀንሳል። ደም ያጠረው ቆዳ ሊሞት ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ከእምብርት በታች፣ ስፌቱ መሃል ላይ ያለው ነው። ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ስፌቱ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ቁስል ማሳጠብ ነው፤ ጠባሳውም ሰፊ ይሆናል።

ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ከቀዶ ጥገናው በፊት ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ከዚያም በኋላ እንዲሁ እንድታቆሚ ይጠይቁሻል። የኤሌክትሪክ ሲጋራና የኒኮቲን ማስቲካም ያው ኒኮቲን ናቸው። ሽንት ወይም ደም መርምረው የሚያረጋግጡም አሉ። እውነቱን ከነገርሽው ብዙውን ጊዜ የሚልሽ "አቁመሽ ነይ" ነው።

የምትወስጂውን ሁሉ ጽፈሽ ሂጂ፤ "ቫይታሚን ነው" ብለሽ የናቅሽውንም ጭምር። አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ የዓሣ ዘይት እንክብልና ቫይታሚን ኢ የደም መፍሰስን ሊያባብሱ ይችላሉ። የክብደት መቀነሻ መርፌ ካለ ደግሞ ማደንዘዣ የሚሰጥሽ ባለሙያ የግድ ማወቅ አለበት። እንደ ሴማግሉታይድ ያሉት ጨጓራ ምግብን ቶሎ እንዳያሳልፍ ያደርጋሉ። ጾመሽ ገብተሽም ጨጓራሽ ውስጥ የቀረ ምግብ ተመልሶ ወደ ሳንባሽ ሊገባ ይችላል። ሐኪም ያዘዘልሽን መድኃኒት ግን በራስሽ እንዳታቋርጪ፤ ያዘዘልሽን ሐኪም ጠይቂ።

"ለቀጠሮው ሜካፕ ተቀብቼ ብሄድስ?"

ለፊትሽ ከሆነ የምትሄጂው፣ ታጥበሽ ሂጂ።

"ዛሬ ቀብድ ከከፈልክ ቅናሽ አለ" የተባለ አንባቢ፦

አትክፈል! ስለ ሰውነትህ እንድትወስን የሚያጣድፍህ ሰው ጋ ምን ትሠራለህ? ተመልሰህ ከሄድክ እንኳ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ የሚሠራኝ ሐኪም ራሱ ማን ነው? ማደንዘዣውን የሚሰጠው ማን ነው? ሌሊት ደም ቢፈሰኝ ማን ይቀበለኛል? መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ ሐኪም ፈልግ።

ጆሮዋን የተበሳችበት ቦታ አብጦ እብጠቱ እያደገ የሄደባት አንባቢ ጡቷን ልታስተካክል አስባለች። "ይሄ ከዚያ ጋር ይገናኛል?"

በጣም ይገናኛል። ኬሎይድ ሊሆን ይችላል፤ ማለትም ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድግ ጠባሳ። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ይበዛል፤ ጆሮ፣ ደረትና ትከሻ ደግሞ ይወደዋል። ሐኪሙ ባይጠይቅሽም ጆሮሽን አሳዪው። ከቤተሰብ ያለበት ሰው ካለም ንገሪው። ቆዳቸው አንቺን የሚመስል ታካሚዎችን ፎቶ ጠይቂ፤ ከተሠሩ አንድ ዓመት ያለፋቸውን። በሁለተኛው ሳምንት የተነሳ ፎቶ ስለ ጠባሳ ምንም አይነግርሽም። የቆዳ ሐኪምም ብታዪ አይከፋም።

የ14 ዓመት ልጃቸው "አፍንጫዬን አሠሩልኝ" ብላ ያስጨነቀቻቸው እናት፦

ይቆዩ። የፊት እድገት መጠናቀቅ አለበት፤ ሴቶች ልጆች ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 17 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ይህን ሐሳብ ማን እንደጀመረው ቀስ ብለው ይጠይቋት። የሚሰድባት ሰው ካለ፣ መታረም ያለበት የሰዳቢው አፍ ነው። የመተንፈስ ችግር ካለባት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ይውሰዷት።

አፍንጫውን ሁለት ጊዜ የተሠራ ወንድም፦ ቤተሰቡ "ምንም የለብህም" ይለዋል። እሱ መስታወት ፊት ሰዓታት ያሳልፋል፤ ሥራ መሄድም ትቷል። ለሦስተኛው እንዴት ልዘጋጅ ነው ጥያቄው።

ወንድሜ፣ ሦስተኛውን ቀጠሮ ሰርዝ። መጀመሪያ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምልህ። ስቃይህ እውነተኛ እንደሆነ አምናለሁ፤ አልተጋነነም። ግን የጻፍክልኝ ሁሉ ሰው በመልኩ ላይ ባለ ወይም ባለ በሚመስለው ጥቃቅን ጉድለት ቀን ከሌት የሚታመምበትን ሕመም ይመስላል። መድኃኒትም የንግግር ሕክምናም አለው፤ ብዙዎች ይሻላቸዋል። ቀዶ ጥገና ግን ይህን ሕመም እምብዛም አያድነውም፤ ጭንቀቱ ያው ይቀጥላል፣ ወይም ወደ ሌላ የአካል ክፍል ይዞራል። "አልሠራህም" የሚል ሐኪም ካጋጠመህ እሱ ላንተ አስቧል። ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ካለህ ደግሞ ዛሬውኑ ለቤተሰብ ተናገርና ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ሄደህ እንደሆነ ጻፍልኝ፤ እጠብቃለሁ።

"የታዋቂ ሰው ፎቶ ይዤ ብሄድ ይስቁብኛል?"

አይስቁብሽም። የምትወጂውን ለማሳየት ይጠቅማል። የራስሽንም የጥንት ፎቶ ጨምሪበት፤ ምን ያህል መለወጥ እንደሚቻል ሐኪሙ የሚነግርሽ ያንቺን ፊት አይቶ ነው።