«ስንት ለስንት ነው?»

ልጆች፣ የጭቃ ሥራ ስትጀምሩ ሁላችሁም የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ጋሼ፣ አፈርና አሸዋው ስንት ለስንት ነው?» እኔም በእናንተ ዕድሜ ይህንኑ ጠይቄ ነበር። መልስም ተሰጥቶኛል። ጉድ የሠራኝ ያ መልስ ነው።

ሙያውን የያዝኩት ሐረር ነው። ያሠለጠኑኝ ሽማግሌ ሁልጊዜ ቀይ አፈር የሚያስቆፍሩበት አንድ ቦታ ነበራቸው። አንድ አካፋ አፈር፣ ሁለት አካፋ አሸዋ፣ አለቀ። ግድግዳው ንቅንቅ አይልም። እኔም ቁጥሯን ይዤ፣ ደንገጎን ወርጄ ድሬዳዋ ገባሁ። አንዲት እናት የጓሮ ክፍል እንድሠራላቸው ተዋዋሉኝ። ከደቻቱ ወንዝ ዳር አፈር አስመጣሁ። በጣት ሲያሹት እንደ ዱቄት የላመ ነው። «ይሄማ የለየለት ሸክላ ነው» ብዬ ሁለት እጥፍ አሸዋ ጨመርኩበት። ሲደርቅ ያምር ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አስጠሩኝና ግድግዳው ሥር አቆሙኝ። ዶሮዎቹ ጭረው ጭረው አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ቦርቡረውታል። «አቦ ልጄ፣ ቤት ነው የሠራህልኝ ወይስ የዶሮ መንከባለያ?» አሉኝ።

አፈሩ ሸክላ አልነበረም። ጎርፍ ያመጣው ደለል ነበር። ደለል ይልማል እንጂ አይዝም። ደረቁን በጣት ስታሹት ከሸክላ ጋር አንድ ይመስላል፤ ልዩነቱ ውሃ ሲነካው ነው። እጃችሁን በጭቃ ለውሳችሁ ታጠቡ። ደለል ወዲያው ይለቃል። ሸክላ ግን ይሙለጨለጫል፣ ቶሎ አይለቅም፣ ጥፍር ሥር ይቀራል።

ከዚያ ወዲህ ባዶ ሃይላንድ ሳልይዝ ሥራ ቦታ አልሄድም። አፈሩን አድቅቃችሁ ሲሶውን ሙሉት። ውሃ ጨምሩ፣ ቁንጥር ጨው ጣል አድርጉ፣ ክዳኑን ዝጉና ደህና አድርጋችሁ ናጡት። ከዚያ ቁጭ አድርጉትና አትንኩት። አሸዋው ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ሥር ይወርዳል። ደለሉ በሰዓታት ውስጥ በላዩ ይተኛል። ሸክላው ግን ውሃውን አደፍርሶ ያድራል፤ አንዳንዴም ውሃው እስኪጠራ ከቀን በላይ ይፈጃል። ያኔ ሦስቱንም በዓይናችሁ ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ ደህና ግድግዳ የሚወጣው በድብልቁ ውስጥ ሸክላው ከመቶ ከ15 እስከ 30 ሲሆን ነው። የሐረሩ አፈር አሸዋ ይፈልግ ነበር። የድሬው የሚፈልገው ሸክላ ነበር። እኔ ደግሞ አሸዋ ጫንኩበት!

ሸክላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ብቻውን ከሆነ ግድግዳው ይሰነጣጠቃል። አሸዋ አያብጥም፣ አይሰበሰብም። ስለዚህ መሰንጠቁን ይገታል። ከበዛ ደግሞ የሚያጣብቀው ነገር አይበቃውም። ሃይላንዱን ካያችሁ በኋላም አትቸኩሉ። አራት ትንንሽ ጡብ ሥሩ። አንዱ ያለ አሸዋ፣ ሌሎቹ አንድ ለአንድ፣ አንድ ለሁለት፣ አንድ ለሦስት ይሁኑ። እርጥብ ሳሉ በምስማር ቁጥር ጻፉባቸው፣ ካልሆነ ይምታታባችኋል። ጥላ ውስጥ ይድረቁ። የተሰነጠቀው አሸዋ ያንሰዋል። በጥፍር ስትጭሩት የሚረግፈው በዝቶበታል።

አሸዋው ሻካራ፣ ትልቅና ትንሹ የተደባለቀ ይሁን። ጭዱን ሳትሰስቱ ጨምሩ፣ ጭቃውን ርገጡት፣ ከተቻለም ሸፍናችሁ አሳድሩት። ድሬ ላይ ደግሞ ፀሐይዋን ጠንቀቅ ነው። ከረፋድ በኋላ የተመረገ ግድግዳ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ውስጡ ገና እርጥብ እያለ ይሰነጠቃል። በማለዳ ሥሩ፣ እርጥብ ጆንያ አንጠልጥሉበት።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ጥሩ የጭቃ ግድግዳ ላይ «ለማማር» ሲሚንቶ መለሰን። ጭቃው ይንቀሳቀሳል፣ ሲሚንቶው አይንቀሳቀስም። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፤ ከጊዜ በኋላ ልስኑ ገበታ ገበታ እያከለ ይወድቃል። ሐረር፣ ጁገል ግቡና የድሮዎቹን ቤቶች እዩ። ድንጋይና ጭቃ ናቸው፣ ላያቸው ኖራ ነው። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት አጥርም ድንጋይና ጭቃ ነው። ጁገል ከነአጥሩ በ1998 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ድሬ ላይ ያደረሰውን ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ከጎርፍ መንገድ ላይ የቆመን የጭቃ ቤት የሚያድን ድብልቅ የለም። እዚያ ቤት ሥራልኝ የሚል ሰው ከመጣ ሥራውን አልቀበልም። ሌላ ቦታ ቢሆንም መሠረቱ ድንጋይ ካልሆነ ጭቃ አላስነካም።

የእኚያን እናት ግድግዳ በራሴ ወጪ አፍርሼ ሠራሁት። የሚያጣብቅ አፈር ከሌላ ቦታ በጋሪ አስመጣሁ፣ ሃይላንዴን መስኮቱ ላይ አሳደርኩ፣ አራቱን ጡቦች ደረደርኩ። ሲያልቅ ምንም አላሉኝም። አንድ ወር ቆይቼ ብቅ ስል፣ ፊት ለፊቴ ግድግዳውን በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። ጥፍራቸውን አዩት። ከዚያ ገብተው ሆጃ ጣዱ።