አንድ ፓኬት መድኃኒት ለሁለት በሬ፤ እና ሌሎች የእንስሳት ጤና ረዳቶች ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ በቆላ ወረዳ ክሊኒክ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። ገንዲ (የደም ተሕዋስ በሽታ) የያዛቸው ሁለት በሬዎች ይዞ የመጣ አርሶ አደር «አንዱን ፓኬት ዲሚናዚን ለሁለቱ አካፍልልኝ፣ ለሌላ ገንዘብ የለኝም» ይላል። እንዲህ ያለ ልመና በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይገጥመኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አያካፍሉ። ምክንያቱ ከሒሳቡ ይታያል። ባለ 2.36 ግራሙ ፓኬት ውስጥ ያለው ዲሚናዚን 1.05 ግራም ነው። መጠኑ በአንድ ኪሎ ክብደት 3.5 ሚሊ ግራም ስለሆነ ፓኬቱ የሚበቃው ለ300 ኪሎ ከብት ነው። 250 ኪሎ የሚመዝን የአገር በሬ 875 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል፤ ግማሽ ፓኬት የሚሰጠው 525 ብቻ ነው። በኪሎ 2.1 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ይህ ደካሞቹን ተሕዋስያን ገድሎ የበረቱትን ያስቀራል። በሬው ለጥቂት ሳምንት ያገገመ ይመስልና እንደገና ይከሳል፤ ያኔ ሙሉ መጠን ቢወጋም ላይሠራለት ይችላል። በጊቤ ሸለቆ ለዲሚናዚንም ለሌላው የገንዲ መድኃኒት ለአይሶሜታሚዲየምም የማይበገር ገንዲ መኖሩ በጥናት ተረጋግጧል፤ መጠን እያሳነሱ መውጋት ደግሞ እንዲህ ያለውን ችግር ያባብሳል። ዛሬ ያዘኑለት ሰው በሚቀጥለው ዓመት የሚያርስበት በሬ ሊያጣ ይችላል፣ ከጎረቤቶቹ ጭምር።

ክብደቱንም በዓይን አይገምቱ። ከፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱን ዙሪያ፣ ከዚያም ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ጫፍ ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር ይለኩ። ዙሪያውን በራሱ ያባዙ፣ በርዝመቱ ያባዙ፣ ለ10,838 ያካፍሉ። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 120 የሆነ በሬ 249 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ፓኬቱን በ12.5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ ሲበጠብጡት 15 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ለ100 ኪሎ 5 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ስለዚህ ለዚህ በሬ 12.5 ሚሊ ሊትር፣ ጡንቻ ውስጥ ጠለቅ ተደርጎ፣ ለሁለት ቦታ ተከፍሎ ይወጋል። ለሁለቱ በሬዎች 25 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል፤ ከሁለት ፓኬት የምትተርፈው 5 ሚሊ ሊትር ከዚያው በረት ለታመመ 100 ኪሎ ጥጃ ትበቃለች።

በእርግጥ ገንዘብ ከሌለው የባሰበትን በሬ ሙሉ መጠን ይውጉት፣ ለሁለተኛው በሬ ሌላ ቀን ይቅጠሩለት፣ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪምም ያሳውቁ። ማይክሮስኮፕ ካለ ከመውጋትዎ በፊት ደሙን ይዩ፤ የከሳ በሬ ሁሉ ገንዲ የያዘው አይደለም፣ የጉበት ትል ሊሆን ይችላል። ክብደቱን፣ የወጉትን መጠንና የመድኃኒቱን የምርት መለያ ቁጥር መዝገቡ ላይ ይጻፉ። መድኃኒቱ ካልሠራ ጥፋቱ የመጠኑ ይሁን የመድኃኒቱ የሚለየው በዚህ መዝገብ ነው።

ጥያቄ፦ ሦስት የፈረንጅ ላሞች አሉኝ። ቴክኒሻኑ አንዷን በወጋ ቁጥር «ወተቷን ለይታችሁ ድፉ» ይለኛል። አፍልቼ ብሸጠውስ? እሱስ እንዲህ ብሎ ማዘዝ ይችላል?

መልስ፦ እንዲያውም ሳይነግርዎት ቢሄድ ነበር ጥፋተኛ የሚሆነው። ከሕክምና በኋላ ወተቱም ሥጋውም ለስንት ቀን ለሰው እንደማይሰጥ መንገር የሥራው ግዴታ ነው። የቀኑ ብዛት በጠርሙሱ መለያ ላይ ተጽፏል፤ ከአምራች አምራች ይለያያልና ያስነብቡት፣ በካርድዎም ላይ የመጨረሻውን ቀን ያስጽፉ። ማፍላት የመድኃኒቱን ቅሪት አያጠፋውም። ለፔኒሲሊን አለርጂ ያለበትን ሰው ጥቂት ቅሪት ሊጎዳው ይችላል፤ እርጎ የሚያረጋ ደንበኛዎም ወተቱ አልረጋ ሲለው ያውቅብዎታል።

ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንዱ፣ መድኃኒቱ የገባው በአንድ ጡት ብቻ ነው ብሎ የሦስቱን ጡት ወተት መሸጥ ነው፤ መድኃኒቱ በደም ስለሚዞር የአራቱም ጡት ወተት መለየት አለበት። ሌላው መጠን መጨመር ነው። ባለ 20 በመቶው ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ለ10 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ «ቶሎ ይሻላታል» ተብሎ እጥፍ ከተወጋ መለያው ላይ ያለው የቀን ቁጥር አይሠራም። የተወጋችውን ላም እግሯ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰሩላት፤ አላቢው እንዳይሳሳት ይረዳል። መቆየት የሚችል ሕክምና፣ ለምሳሌ የትል መድኃኒት፣ የወተት ገበያ በሚቀዘቅዝበት በሁዳዴ ጾም ቢሆን ኪሳራው ያንሳል። የታመመች ላም ግን ጾም አትጠብቅም።

ጥያቄ፦ በሬ ሌሊቱን ሞቶ አደረ። ሆዱ ተነፍቷል፣ ከአፍንጫው የማይረጋ ጥቁር ደም ይወርዳል። ጎረቤቱ ቢላ ስሎ «ክፈትና በሽታውን ንገረን፣ ሥጋው አይባክን» ይለኛል።

መልስ፦ አይክፈቱት፣ ማንም እንዲከፍተው አይፍቀዱ። አባሰንጋ ነው ብለው ይነሱ። ተሕዋሱ አየር ሲያገኝ ለዓመታት በአፈር የሚቆይ ዘር ይሠራል፤ በሬው የተከፈተበት መስክ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ጓንት አድርገው ከጆሮው ደም ሥር ጠብታ ደም በመስታወት ላይ ይቀቡ፤ ለናሙና ይበቃል። የአፍና የአፍንጫ ቀዳዳዎቹን በጥጥ ይድፈኑ፣ ቆዳው ሳይገፈፍ በሁለት ሜትር ጉድጓድ ይቀበር ወይም ይቃጠል። የነካ ወይም የበላ ሰው ካለ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ባለቤቱ «አትናገርብኝ» ቢልም የደንበኛ ምስጢር እዚህ ላይ ያበቃል። አዋጅ ቁጥር 267/1994 የእንስሳት በሽታን ስለ መከላከልና መቆጣጠር የወጣ ነው፤ ሪፖርቱን በዚያው ዕለት ለወረዳው ያድርሱ። የተረፉትን ከብቶች ሲከትቡ ደግሞ አንቲባዮቲክ አብረው አይስጡ፤ ክትባቱ ሕያው ስለሆነ መድኃኒቱ ይገድለዋል።

ጥያቄ፦ ከአገር ቤት የእንስሳት ጤና ዲፕሎማ ይዤ ቨርጂኒያ መጥቻለሁ። የአገሬ ልጆች ውሻቸውን ቤታቸው ድረስ ሄጄ እንድከትብላቸው ይጠይቁኛል።

መልስ፦ አይከትቡ። በቨርጂኒያ የእብድ ውሻ ክትባት የሚሰጠው ፈቃድ ባለው ሐኪም፣ ወይም ሐኪሙ እዚያው ባለበት በቅርብ ክትትሉ ሥር ፈቃድ ባለው ቴክኒሻን ነው። ያለ ፈቃድ ራስዎን ቴክኒሻን ብለው አይጥሩ፤ በረዳትነት ግን ክሊኒክ ውስጥ መቀጠር ይችላሉ። ፈቃዱን ለማግኘት ዕውቅና ካለው የቴክኒሻን ትምህርት ቤት መመረቅና 170 ጥያቄ ያለውን ብሔራዊ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፤ ማለፊያው 425 ነው፤ ይህ የፈተናው የነጥብ መለኪያ እንጂ የተመለሱ ጥያቄዎች ቁጥር አይደለም። ፈቃድ ካገኙም በኋላ በሽታ መለየት፣ መድኃኒት ማዘዝና ቀዶ ሕክምና የሐኪሙ ናቸው።